አውቶቡስ የማይደርስበት ቤት

ልጅ ሆኜ የቤታችንን ስልክ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ማንም ወስኖ የሰጠኝ ሥራ አይደለም። እማዬ የፈረንጅ ድምፅ በስልክ ከሰማች የምታውቀው እንግሊዝኛም ይጠፋባታል፤ አባዬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስልክ በጮኸ ቁጥር እየሮጥኩ ሄጄ "ሄሎ" የምለው እኔ ሆንኩ። ፈረንጅ ከሆነ እዚያው አናግሬ እጨርሳለሁ፤ አበሻ ከሆነ "እማዬ!" ብዬ እጣራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የትልቅ ሰው ሥራ ስለያዝኩ ኩራቴ አይጣል ነው። በዚያ ስልክ ያደረግኩትን ለመናገር ግን ከሲልቨር ስፕሪንግ መጀመር አለብኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ የቀይ ጡብ አፓርትመንት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ገና ሦስት ዓመቴ ስለነበር ከዚያ ቤት በፊት የማስታውሰው ቤት የለኝም። ኮሪደሩ ምንጊዜም እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። በዚያ ላይ ከየበሩ ሥር የሚወጣው የምግብ ሽታ አለ፤ የሳልቫዶሮቹ የተጠበሰ ሙዝ፣ የሕንዶቹ ቅመም፣ የኛው ቤት ሽሮ። ሊፍቱ ከወር ሁለት ሳምንቱን አይሠራም። ትልልቆቹ እየተራገሙ ደረጃውን ሲወጡ እኛ ልጆቹ መውጫው ላይ ሱዚ እንዘላለን፣ እነሱም ገመዱን እየተራመዱ ያልፋሉ። እማዬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ቢያንስ ስድስት በር ሳታንኳኳ መግባት ትችል ነበር። ስትስቅ ከታች ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ይሰማል። አባዬ "ሴትዮ፣ ፖሊስ እንዳይጠሩብን" ይላታል፣ እሷ ይባስ ብላ ትስቃለች።

በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አባባ ዘለቀ ይኖሩ ነበር። ዘመዳችን አይደሉም። አገር ቤት ሳሉ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለስ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ልጃቸው ነው ያመጣቸው፤ እሱ ግን ሥራ አግኝቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ "እንግዲህ ሌላ አገር አልለምድም" ብለው ቀሩ። እማዬና አባዬ ሺፍታቸው ሲጋጭ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን ከትምህርት ቤት መልስ የሚይዙን እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በኮታቸው ኪስ ውስጥ የአውቶቡስ ሰዓት የታተመባቸው የታጠፉ ወረቀቶች አይጠፉም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ እንሳፈራለን። የትም ለመድረስ አይደለም፤ ለመሳፈር ብቻ። ሦስታችን ልክ ከሹፌሩ ኋላ እንቀመጥና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄደን በዚያው እንመለሳለን። አባባ ዘለቀ መንገዱን በራሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት። ከሰፈራችን ቀጥሎ ያለው ማቆሚያ ደብረ ብርሃን፣ ድልድዩ ጋ ያለው ደብረ ሲና ነው፤ ሰዉ የሚጋፋበት፣ ሴቶች በጋሪ ማንጎ የሚሸጡበት ላንግሊ ፓርክ ደግሞ ኮምቦልቻ። "ኮምቦልቻ ወራጅ አለ?" ይላሉ ጮክ ብለው፤ ናቲ "አለ!" ብሎ ይጮሃል፤ ፈረንጁ ሁሉ ዞሮ ያየናል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከተንገጫገጭን በጆሮዬ "ይኼ ልጅ ፍሬኑን ይረግጠዋል እንጂ አይዘውም" ይሉኛል። በሚጥሚጣና በሎሚ የተነከረ ማንጎ ገዝተውልን እጃችን እየተጣበቀ ቤት እንገባ ነበር። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ቅዳሜ አላሳለፍኩም።

ከዚያ ቤት ያስወጣን የናቲ ደረት ነው። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሲተኛ ደረቱ እንደ ፉጨት ይጮሃል። ሐኪሙ የቤታችንን ሁኔታ ጠየቀ፤ አባዬ አልጋውን ከግድግዳው ሳብ ሲያደርግ ግድግዳው ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ አብቅሎ ተገኘ። የሕንፃው ሰዎች መጥተው በላዩ ቀለም ቀቡበት። በወሩ ሻጋታው ቀለሙን ቀዶ ወጣ። ያኔ አባዬ የሚሠራው አሌክሳንድሪያ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር፤ አብሮት የሚሠራ ሰው በቼሳፒክ ባሕር ዳር ስላለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነገረው። ቤቱ ሰፊ፣ አየሩ ንጹሕ፣ ልጅ የሚሮጥበት ግቢ ያለው። አንድ እሑድ ይዞን ሄደ። ውሃው ግራጫ ነበር፣ ማዶው አይታይም። አባዬ እጁን ዘርግቶ "አየሩን ሳቢው እስቲ!" አላት እማዬን። እማዬ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየችና "ሰዉስ የታል?" አለች።

"ሰው ይመጣል" አላት።

ዕቃ በጫንን ቀን አባባ ዘለቀ ካርቶን ሲያወርዱ ዋሉ። አባዬ "ጋሼ፣ ይተዉት፣ ወገብዎን ያምዎታል" ቢላቸውም አልሰሙትም። መኪናው ሞልቶ ሲያበቃ ኪሳቸውን ዳበሱና "ለመሆኑ አውቶቡስ ይደርሳል?" ብለው ጠየቁ።

"አይደርስም ጋሼ። ግን ምን ችግር አለ፣ እኔ በየሳምንቱ መጥቼ እወስድዎታለሁ።"

"እንግዲያው ይቅናችሁ" አሉ። ናቲን ብድግ አድርገው ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ደግነው አዳመጡት፣ ከዚያ ለእማዬ ሰጧት። እኔን ግንባሬን ስመው ወደ ሕንፃው ገቡ። መኪናው እስኪነሳ አልቆሙም።

አባዬ ቃሉን ሊጠብቅ ሞክሯል። በዚያ በጋ ሁለት ጊዜ አምጥቷቸው አብረውን አድረዋል። ውሃው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው "ይኼ ሁሉ ውሃ፣ አይጠጣ" ሲሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ የአባዬ ሺፍት ተቀየረ። ከባሕሩ ዳር አሌክሳንድሪያ ደርሶ መመለስ ብቻ ከቀኑ ሦስት ሰዓት ይበላበታል፤ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። "የሚመጣው ሳምንት" ይላል። ሳምንቱ ይመጣል፤ አባባ ዘለቀ አይመጡም። እማዬ እሑድ እሑድ ስልክ ትደውልላቸዋለች፤ ስልኩን ዘግታ ብዙ ጊዜ እዚያው ግድግዳው ሥር ትቆማለች።

በመስከረም በጋውን ለመዋኘት የመጡት ሰዎች ቤታቸውን እየቆለፉ ሄዱ። መንገዳችን ላይ መብራት የሚበራባቸው ቤቶች አራት ብቻ ቀሩ። ውሃው ሲሸሽ የጭቃና የሞተ ዓሣ ሽታ እስከ መኝታ ቤታችን ይገባል፤ ነፋሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። በክፍሌ እኔን የመሰለ ሌላ ልጅ አልነበረም። አስተማሪዋ ብሌን የሚለውን ስሜን "ብሌይን" ብላ ጠራችው፤ ላርማት አፍሬ በዚያው ጸና። ምሳ ሰዓት ብቻዬን እበላለሁ። እማዬ ቅርብ ባለ የአረጋውያን ማቆያ ልብስ ማጠብ ጀምራ ነበር፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ቀኑን ሙሉ ሰው አታናግርም፤ ቤት ስትገባም ያው ነው። ሳቋ መቼ እንደቆመ አላውቅም፤ አንድ ቀን ግን እንደቆመ አስተዋልኩ። ማናችንም ደፍረን እንዳናማርር ደግሞ የናቲ ደረት ጸጥ አለ። ባሕሩ ለሱ ደግ ነበር። ግቢው ውስጥ ሲሮጥ አባዬ በመስኮት ያየውና ወደ እማዬ ዞሮ "አየሽ?" ይላታል። እማዬ "አየሁ" ትላለች።

በኅዳር ሜገን የምትባል የክፍሌ ልጅ የልደት ካርድ ሰጠችኝ። ካርዱ ላይ ቡናማ ፈረስ አለ። ከውስጥ እናቷ በእጅ ጽሑፍ "ቤተሰቡም ይምጣ" የሚል ጨምራበታለች። ሁላችንም ማለት ነው። በዚያ አገር ማንም ሰው ሲጠራን የመጀመሪያው ነበር። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት። አባዬ አለቃውን ለምኖ ያቺን ቅዳሜ ኦፍ ወሰደ። እማዬ ካርዱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እጄን አስነካዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"ሄሎ?"

"ብሌንዬ! ዘለቀ ነኝ። ደህና ነሽ ወይ የኔ ልጅ? ናቲስ፣ ደረቱስ?"

"ደህና ነን አባባ።"

"አባትሽ አለ?"

"ሥራ ነው።"

"እናትሽስ?"

እማዬ ናቲን እያጠበችው ነበር፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ብጣራ ኖሮ ሳሙና በእጇ እንደያዘች ትመጣ ነበር። "ናቲን እያጠበች ነው" አልኳቸው።

"ተያት እንግዲህ፣ አታስቸግሪያት። ስሚኝ፣ መንገዱን አጥንቼዋለሁ።" ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። "ሦስት አውቶቡስ ነው። የመጨረሻው ከናንተ ወዲህ ያለው የገበያ ማዕከል ጋ ያወርደኛል፣ ልክ ሰባት ሰዓት። ቅዳሜ እመጣለሁ። አባትሽ እዚያ ይቀበለኝ በይው። ትነግሪዋለሽ?"

"እሺ አባባ።"

"አደራ።"

"እሺ።"

ስልኩን ዘጋሁት። እማዬ ከመታጠቢያ ቤቱ "ማነው?" አለች።

"ፈረንጅ ነው። ተሳስቶ ነው" አልኩ።

ክፋት አስቤ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ቤታችን ምን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ፤ እማዬ ከጠዋት ጀምራ ምግብ ስትሠራ ትውላለች፣ አባዬ እንግዳውን ለማምጣት ይሄዳል፣ "ልደት ሌላ ጊዜ" ይባላል። የሜገን ልደት ግን ሌላ ጊዜ የለውም። በልጅ አእምሮዬ፣ ካልነገርኩ ነገሩ የማይሆን መሰለኝ። ዓርብ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዓርብ አልተናገርኩም። ቅዳሜ ጠዋት ብነግር እንኳ ይደርስ ነበር፤ አባዬ ሸሚዙን እየተኮሰ ያፏጫል፣ እማዬ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ "ወፈርኩ እንዴ?" ትለኛለች። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች። ሄጄ መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ።

የሜገን ቤት የገበያ ማዕከሉ ካለበት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሳሎናቸው በመስታወት የተሠራ ነው፣ ውሃው ሁሉ ይታያል። ሴቶቹ እማዬን መሀላቸው አስቀመጧት። አንዲቱ ስለ ባሏ የሆነ ነገር ስትናገር ሁሉም ሳቁ፤ እማዬ ቀልዱ ትንሽ ዘግይቶ ገባትና ብቻዋን፣ በዚያ በድሮው ሳቋ፣ ፍርስ አለች። ሴቶቹ ሳቋን ሰምተው እንደገና ሳቁ። አባዬ ከግቢው ሆኖ በመስታወቱ ዞሮ አያት። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይ ነበር። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። ኬኩ ሲመጣ በልቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። የሜገን እናት ፀጉሬን ይዛ "ደስታው በዝቶባት ነው" አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጨልሞ ነበር። የበራችን እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል። አባዬ አወረደው። ውስጡ ብርቱካን፣ ለናቲ የሱፍ ኮፍያ፣ ለእኔ ጓንት ነበር። ጓንቱ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ያንሳል፤ ለእሳቸው እኔ ሁልጊዜም ትንሽ ልጅ ነኝ። በአውቶቡስ ሰዓት ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ "ልጆቼ፣ መጥቼ አጣኋችሁ። በሰላም ግቡ። ዘለቀ።"

አባዬ ጮክ ብሎ አነበበው። "መቼ መጡ? በምን መጡ?" እያለ ማንን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ይዞራል። ከፊት ለፊታችን የሚኖረው ሸርጣን አጥማጅ ሽማግሌ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። የተናገረውን ለአባዬና ለእማዬ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። አንድ ረጅም ሽማግሌ በስምንት ሰዓት ተኩል ግድም በእግሩ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ቤቴ ግባ ብዬ ለመንኩት አለ። "ልጆቼ ይመጣሉ" ይለኛል በእንግሊዝኛ፣ ሌላ ቃል የለም። እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጦ ሄደ። ላድርስህ ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝና በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ሁሉንም ተረጎምኩ። የሐሙሱን ስልክ ግን አልጨመርኩበትም።

አባዬ እኔን "ነይ፣ ያንቺ ዓይን ይሻላል" ብሎ መኪና ውስጥ አስገባኝ። እስከ ገበያ ማዕከሉ ያለው መንገድ የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ አንድ ወገኑ ቦይ ነው፣ አንዱ ሸምበቆ። አባዬ በቀስታ እየነዳ "ቀኙን እዪ፣ እኔ ግራውን አያለሁ" ይለኛል። መሪውን እንዳነቀው አየሁ። መኪና ባለፈን ቁጥር ሸምበቆው ይጋደማል። በዚያ መንገድ ላይ ኮት የለበሱ የሰባ አራት ዓመት ሰው የሚያልፈው መኪና ነፋስ እየገፋቸው ሲሄዱ በሐሳቤ ታየኝ። ሁለታችን ብቻ ነን፤ የምናገር ከሆነ ሰዓቱ ያ ነበር። ማቆሚያው ጋ ስንደርስ አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ነው፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ ነበር አባቴ" አለ። "የቅርቡን እኔ አራቅኩት።"

በማግስቱ በስልክ ተገኙ። አባዬ ሲያወራ አጠገቡ ቆሜያለሁ። "ጋሼ፣ ምነው ቢደውሉልን? ምነው?" ይላል። ከዚያ የሚሉትን ሰማ። ሲዘጋ ወደ እማዬ ዞሮ "ደስ ሲለኝ ድንገት ተነሥቼ ነው፣ ሳልናገር መምጣቴ ጥፋቱ የኔ ነው አሉኝ" አላት። እማዬ "ድምፃቸው ታፍኗል?" ብላ ጠየቀች። "ትንሽ ብርድ ነው አሉ" አላት። እኔ ክፍሌ ገባሁና ጓንቱን ፍራሹ ሥር ከተትኩት።

በአሥረኛው ቀን ሆስፒታል ገቡ። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ ልባቸውም ድሮ የደከመ ነበር። እሑድ ሁላችንም ሄድን። አልጋው ላይ አጥረው፣ ጠበው ታዩኝ። እማዬና አባዬ ነርሷን ለማናገር ከናቲ ጋር ሲወጡ ብቻችንን ቀረን። "አባባ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እኮ..." ብዬ ለቅሶዬ ቀደመኝ።

"ዝም በይ" አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ይጋላል። "አውቃለሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ ጥፋቱ ልጅን የላከ ሰው ነው።" ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። "ለአባትሽ እንዳትነግሪው። ራሱን ይረግማል። እዚያ ቤት መግባቱን ይረግማል። ወንድምሽ ድኖበታል።"

"እሺ" አልኩ።

"አደራ" አሉኝ፣ እንደ ሐሙሱ።

ከስምንት ቀን በኋላ አረፉ። ልጃቸው ከምዕራብ መጥቶ አስከሬናቸውን አገር ቤት ይዞ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለቅሶ ላይ አባዬን አቅፎ "ስለ እናንተ ብቻ ነበር የሚያወራኝ፣ አምላክ ይስጥልኝ" አለው። እማዬ "ቀናቸው ደርሶ ነው" ትላለች ለሰው ሁሉ። እኔም ለራሴ ብዙ ዓመት እንደዚያ ብያለሁ። ልባቸው ደክሞ ነበር፤ ባይመጡም ይሞቱ ነበር ይሆናል። ይሆናል። ከዚህ በላይ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ባሕሩ ዳር አንድ ክረምት ጨምረን ቆየንና አባዬ ሥራው አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ቤት ተከራየ። ሜገንን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ናቲ ዛሬ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሰውዬ ነው፤ አባባ ዘለቀን አያስታውሳቸውም፤ ኮምቦልቻ ሲባልም በዜና ያወቃት ከተማ ናት። እማዬ ካረፈች አራት ዓመቷ። አባዬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሶ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ብቻውን ይኖራል።

ባለፈው ጸደይ ባለቤቴ በስልኩ አንድ ቤት አሳየኝ። በዚያው ባሕር ዳር፣ ከድሮ ሰፈራችን ብዙም አይርቅም። "ለልጆቹ አስቢው" ይለኛል፤ "ግቢ፣ ንጹሕ አየር።" ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኩት፤ ለምን እንደሆነ ልነግረው አልቻልኩም። እሑድ አባዬ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሲሰማ "ምነው? ያ አገር ላንቺ ምን አደረገሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሃያ አራት ዓመት የያዝኩትን አደራ እዚያው አፈረስኩት። ሐሙሱን፣ ስልኩን፣ "ተሳስቶ ነው" ያልኩትን፣ ሆስፒታሉን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

አባዬ አላየኝም። ወደ መስኮቱ ዞረ። ቁጣውን ብጠብቅ ቀረ፤ ለቅሶውንም ብጠብቅ ቀረ።

"ልደቱስ?" አለ በመጨረሻ። "ደስ ብሎሽ ነበር?"

"አላለኝም አባዬ። አሞኝ ነበር።"

"እናትሽን ግን ደስ ብሏት ነበር" አለ። "እዚያ አገር በነበርንበት ጊዜ ሁሉ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።"

ከዚያ ወዲያ እሱ ይህን ነገር አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ይቅር ማለቱ ይሁን፣ ለራሱ የሚያስታውሰው ነገር ይሁን፣ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ መልእክት በልጅ የሚልክ ሰው የለም። ልጆቼ የቤት ስልክ ምን እንደሆነ አያውቁም። ሊመጣ ያሰበ ሰው ቀድሞ ቴክስት ያደርጋል፤ ካልተመቸን "ሌላ ቀን" እንለዋለን፤ እሱም "ኖ ፕሮብሌም" ብሎ ይቀራል፤ በዚህም ማንም ደረጃ ላይ ተቀምጦ አይበርደውም። ያኔ አንድ ሽማግሌ ሁለት ልጆች ለማየት ሦስት አውቶቡስ ቀይረው፣ የቀረውን በእግራቸው መጡ። እኔ ካለሁበት ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ አርባ ደቂቃ አይሞላም፣ መኪናም አለኝ፤ ስንቱን እሑድ ቤልትዌዩን፣ ያንን ትልቁን የቀለበት መንገድ፣ በስልኬ ካርታ ላይ በመኪና ተጨናንቆ ቀይ ሆኖ አይቼው ለአባዬ "የሚመጣው ሳምንት" ብዬዋለሁ። እሱም "እሺ የኔ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ" ይለኛል። አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም፤ ወይም ቅር እንዳለው አስታውቆኝ አያውቅም።